የማዱራይ ሚናክሺ ቤተ መቅደስ እና አማኞቹ

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ የቱሪዝም ተማሪዎች፣

ስለ አንድ ጥንታዊ የአምልኮ ስፍራ እንድናገር ስትጋብዙኝ ሐሳቤ በቀጥታ የሄደው ወደ ደቡብ ህንድ፣ ታሚል ናዱ ውስጥ ወዳለችው ማዱራይ ነው። የከተማዋ እምብርት የሂንዱ እምነት ሴት አምላክ የሆነችው የሚናክሺ ቤተ መቅደስ ነው። የታሚል ወራትን ስም የያዙ ጎዳናዎች በአራት ማዕዘን ይከቡታል፤ በበዓላት ቀን ዑደቱ የሚደረገውም በእነዚሁ ጎዳናዎች ነው።

ዛሬ የምናየው ሕንፃ አብዛኛው በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በናያካ ገዥዎች ዘመን የተሠራ ነው። የደቡቡ የደጅ ግንብ ከፍታ ወደ 50 ሜትር ይደርሳል። እኔን ይበልጥ ያቆመኝ ግን ከግንቡ ሥር የተቀመጡት አበባ ሻጮች ናቸው። በክር የተጎነጎነ ነጭ ጃስሚን በክንዳቸው እየለኩ ይሸጣሉ። የሚገዙት ሴቶች ከፊሉን ፀጉራቸው ላይ ሰክተው፣ ከፊሉን ለሚናክሺ ይዘው ይገባሉ።

ሚናክሺ በአማኞቿ ዘንድ የከተማዋ ንግሥት ናት፤ ባሏ ሱንዳሬሽዋራ ደግሞ የታላቁ የሂንዱ አምላክ የሺቫ አንዱ መገለጫ ነው። ማታ ማታ፣ በሮቹ ከመዘጋታቸው በፊት፣ ካህናቱ የእርሱን አምሳያ በዜማ መሣሪያ አጅበው ወደ እርሷ መኝታ ክፍል ይወስዱታል። ይህ ለጎብኚ ተብሎ የሚቀርብ ትርኢት አይደለም፤ አንድም የውጭ ሰው ባይኖር ይደረጋል። በሚያዝያ አካባቢ፣ ቺቲራይ በሚሉት በዓል፣ የሁለቱ ሰርግ ሲከበር ያገቡ ሴቶች በአንገታቸው ያሰሩትን የጋብቻ ክር በአዲስ ይቀይራሉ። የአማልክቱ ሰርግ እንዲህ ሆኖ የእያንዳንዱ ቤት ጉዳይ ይሆናል። ቤተ መቅደሱን እስከ ዛሬ ያቆየው፣ እንደ እኔ እምነት፣ ይህ ነው።

መዝለል የሌለብን ሌላም ታሪክ አለ። «የማይነኩ» እየተባሉ የተገለሉት ዳሊቶች ለብዙ ዘመን ወደዚህ ቤተ መቅደስ መግባት አይፈቀድላቸውም ነበር። እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 1939 ቫይድያናታ አይየር የተባሉ የነፃነት ታጋይ አስከትለዋቸው ገቡ፤ በዚያው ዓመት ማዱራይን ያስተዳድር የነበረው የማድራስ ክፍለ ግዛት መንግሥት ድርጊቱን በሕግ አጸናው። የግንቡን ቁመት ነግሮኝ ይህን ቀን የሚዘል አስጎብኚ ሥራውን ሠራ ለማለት ይከብደኛል።

ሂንዱ ያልሆነ ሰው ዛሬም ወደ ውስጠኛው መቅደስ አይዘልቅም። እኔም ከዚያ ቆሜያለሁ፤ ቅርም አላለኝም፤ የሄድኩት ለማየት ነውና። ዳሊቶቹ ግን የተከለከሉት ሊጸልዩ መጥተው፣ ከገዛ አምላካቸው ደጅ ነው።

አመሰግናለሁ።