እንቆቅልሽ በቻይንኛ፦ ከስህተት ደብተር የሚወጣ ጨዋታ

እንደምን አመሻችሁ!

መምህራን፣ ተማሪዎች፣ ወላጆች፣ ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ በዚህ ሰዓት የታክሲውን ሰልፍ ችላችሁ አራት ኪሎ ድረስ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ይህን በእጄ የያዝኩትን ደብተር ታያላችሁ? ሰማያዊ ሽፋን ያለው ተራ ደብተር ነው። ውስጡ ስህተት ብቻ ነው የተጻፈበት። ፒያሳ አካባቢ ማታ ማታ ቻይንኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ሲሳሳቱ እዚህ ላይ እጽፋለሁ። ማን እንደተሳሳተ አልጽፍም። ምን ለማለት ፈልጎ ምን እንዳለ ብቻ ነው የምጽፈው። ስለ ኦንላይን ጨዋታና እንቆቅልሽ እንድናገር ስትጋብዙኝ ይህን ደብተር ይዤ የመጣሁት በምክንያት ነው። ከሠራኋቸው ጨዋታዎች መካከል ተማሪ ደጋግሞ የተጫወታቸው በሙሉ ከዚህ ደብተር የወጡ ናቸው። ከሌላ አገር አፕ አይቼ የገለበጥኳቸውን ግን ከሳምንት በኋላ የነካቸው የለም።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው የአንድ የመርካቶ ነጋዴ ስህተት ነው። ጫማ ያስመጣል። ጓንጁ ላለ አቅራቢ በዊቻት የድምፅ መልእክት ላከ። ሁለት መቶ ጥንድ መግዛት እፈልጋለሁ ማለቱ ነበር። አቅራቢው ግራ ገባውና «እኛ ሻጮች ነን እንጂ ገዢዎች አይደለንም» ብሎ መለሰለት። በቻይንኛ መግዛት «ማይ» ነው። መሸጥም «ማይ» ነው። የሚለያቸው ቃናው ነው። የመግዛቱ ማይ ዝቅ ብሎ ይጎተታል። የመሸጡ ማይ ደግሞ ከላይ ወደ ታች ይወረወራል፤ ልጅን ተቆጥተን «ና!» ስንለው ድምፃችን እንደሚወርደው።

ይህን ስናገር «ይሄማ ለእኛ ጆሮ አይሆንም» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። አማርኛ ተናጋሪ እንዲህ ሲል ግን አልቀበልም። «ገና» ብዬ ብጽፍላችሁ በዓሉ ነው ወይስ ገና ያልደረሰው ነገር? «ዋና» ብዬ ብጽፍስ መዋኘቱ ነው ወይስ ዋነኛው? ፊደሉ አንድ ነው። የሚለየው ማጥበቅና ማላላት ነው። የአምስት ዓመት ልጅ ይህን አይስትም። ጆሯችን ፊደል ላይ የማይታይ ልዩነትን መያዝ ከድሮም ያውቅበታል። አዲስ ልዩነት እናልምደው ነው የምለው።

ከዚያ የነጋዴው ስህተት «ገዢ ወይስ ሻጭ» የሚባለው ጨዋታ ተወለደ። ስልኩ አንድ ዓረፍተ ነገር ያሰማል። ከታች ሁለት ሥዕል አለ፤ አንዱ ብር የሚቆጥር፣ ሌላው ዕቃ የሚያቀብል። አንዱን ትነካላችሁ። ከተሳሳታችሁ ቀይ ምልክት አይመጣም። የጫማው ካርቶን ከእናንተ መደብር ወጥቶ ይሄዳል። ለመግዛት መጥታችሁ ሸጣችሁ ማለት ነው። ነጋዴው ራሱ ሲጫወተው እየሳቀ ደገመው፣ ሠለሰው። በሦስተኛው ቀን ስህተቱ ጠፋ።

ይህን ጨዋታ ስሠራ አንድ ነገር ተማርኩ። መጀመሪያ ላይ ድምፁ ሁሉ የእኔ ነበር። ተማሪዎቹ እኔን መስማት ቻሉ፤ ቻይናዊ ሲናገር ግን እንደገና ጠፋባቸው። ስለዚህ የወንድ፣ የሴት፣ የሽማግሌ፣ የወጣት ድምፅ አሰባሰብኩ። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ አንድ ጥናት ላይም ይኸው አለ። አሜሪካውያን ተማሪዎችን በብዙ ተናጋሪዎች ድምፅ የቻይንኛን ቃና ለሁለት ሳምንት ያህል አለማመዷቸው። ቃና የመለየት ችሎታቸው በ21 በመቶ ጨመረ፤ ከስድስት ወር በኋላም አልጠፋም። የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ጆሮ ይህን ከቻለ የእኛ የሚያቅተው በምን ምክንያት ነው?

ሌላ ገጽ ልግለጥ። አራት «ስ» ነው፣ አሥር ደግሞ «ሽ» ነው፤ ከኋላቸው አጭር አናባቢ አለ። ለእኛ ይህ ቀላል ነው፤ «ስ»ን እና «ሽ»ን ማን ያምታታል? ነገር ግን በደቡብ ቻይና ብዙ ሰው «ሽ»ን እንደ «ስ» ያወጣዋል። ጓንጁ ያለችው ደግሞ ደቡብ ነው። እዚያ አራትና አሥርን የሚለየው ቃናው ብቻ ሊሆን ይችላል። አራት ይወርዳል። አሥር ይወጣል፤ ሰው የተናገረውን ሳንሰማ ስንቀር «እ?» ብለን እንደምንጠይቀው። ዋጋ ላይ አራትና አሥርን ማምታታት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለመርካቶ ሰው አልነግረውም። ጨዋታው ውስጥ የጣት ምልክትም ጨምሬበታለሁ። ቻይናውያን በአንድ እጅ እስከ አሥር ይቆጥራሉ። አውራ ጣትና ትንሿ ጣት ሲዘረጉ ስድስት ነው። ተማሪዎቼ ግን «ደውልልኝ» ያላቸው ይመስላቸው ነበር።

አሁን ደግሞ እኛን ብቻ የሚገጥም ስህተት ላንሳ። ቻይና እ.ኤ.አ. በ1958 የተቀበለችው፣ ድምፅን በላቲን ፊደል የሚጽፍ ፒንዪን የሚባል ሥርዓት አለ። እኛ ደግሞ ስልክ ላይ አማርኛን በላቲን ፊደል ስንጻጻፍ የራሳችን ልማድ አለን። ኪው ለእኛ «ቀ» ነው። ሲ ለብዙዎቻችን «ች» ነው። በፒንዪን ግን ኪው ወደ «ች» ይጠጋል፣ ሲ ደግሞ «ትስ» ነው። ስለዚህ ተማሪዬ «እባክዎ» ለማለት «ቺንግ» ማለት ሲገባው «ቂንግ» ይላል። ይህ ስህተት የተማሪው ስንፍና አይደለም። ከቴሌግራም ይዞት የመጣው ልማድ ነው። ውጭ አገር የተሠራ አፕ ይህን ሊያውቅ አይችልም። የምናውቀው እኛ ነን። ጨዋታውን እኛ እንሥራ የምለውም ለዚህ ነው። ለኪው ብቻ አንድ ጨዋታ ሠርቻለሁ፣ አምስት ደቂቃ የማይወስድ። ለጀማሪ ክፍል ከሁሉም በፊት የምሰጠው እሱን ነው።

ብዙ ተማሪዎች ደብተራቸው ላይ ቻይንኛውን በእኛ ፊደል ይጽፉታል። አልከለክላቸውም። ፊደላችን ብዙውን ድምፅ ጥሩ አድርጎ ይይዛል። ግን ቃናውን በምልክት ጨምሩበት እላለሁ። ያለዚያ ማይና ማይ እንደገና አንድ ይሆናሉ።

ወደ ፊደሉ ልምጣ። የምወደው ክፍል ይሄ ነው።

እኔ ቻይንኛ ስጀምር አንድን ፊደል መቶ ጊዜ ጻፉ ይሉን ነበር። መቶ ጊዜ። ጣቴ ያብጥ ነበር። በወሩ መጨረሻ የክፍሉ ግማሽ ትምህርቱን አቋረጠ። ያቋረጡት ሰነፎች አልነበሩም። ፊደሉ ለምን እንደዚያ እንደሆነ የነገራቸው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የቻይና መደበኛ ሰንጠረዥ 8,105 ፊደላት አሉት። በብዛት የሚሠራባቸው እንኳ 3,500 ናቸው። 231 ፊደል ባለው ገበታ ላይ ላደገ ሰው ይህ ያስደነግጣል። ነገር ግን እኛስ ሀ ሁ ሂን እያንዳንዱን ለየብቻ ነው ያጠናነው? «ለ» ላይ እግር ስትጨምር፣ ቀለበት ስታደርግ ድምፁ እንደሚለወጥ አይተን ነው። የቻይና ፊደልም አብዛኛው በቁርጥራጭ የተገጣጠመ ነው።

ፈረስን ተመልከቱ። በቻይንኛ «ማ» ነው፤ የራሱ ፊደል አለው። ከፈረሱ ጎን ሴት ስትቆም እናት ይሆናል፤ እሱም «ማ»። አፍ ሲቆም የጥያቄ ቃል ይሆናል፤ እኛ መጨረሻ ላይ «ወይ?» እንደምንለው። ድንጋይ ሲቆም ቁጥር ወይም ኮድ ይሆናል። ትንሽ ነፍሳት ስትቆም ጉንዳን የሚለው ቃል ግማሽ ይሆናል። ሁለት አፍ ከፈረሱ በላይ ሲቀመጥ መሳደብ ነው። ፈረሱ እዚያ የቆመው ድምፁን ለማበደር ነው። ትርጉሙን የሚጠቁመው ጎረቤቱ ነው። ይህን ያየ ተማሪ አምስት ፊደል በአንድ ምሽት ይይዛል። መቶ ጊዜ መጻፍም አያስፈልገውም።

አንዳንዱ ደግሞ ሥዕል ነው። ሁለት ዛፍ ጫካ ነው። ሦስት ዛፍ ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው። ሰው ዛፍ ሥር ሲሆን ማረፍ ነው። ይሄ እኮ እንቆቅልሽ ነው!

ቻይናውያንም እንደዚያ አድርገው ይጫወቱበታል። በጨረቃ አቆጣጠራቸው በመጀመሪያው ወር 15ኛ ቀን የፋኖስ በዓል አለ። ፋኖሱ ላይ እንቆቅልሽ የተጻፈበት ወረቀት ይንጠለጠላል። ያወቀ መልሱን ይናገራል። ከሶንግ ሥርወ መንግሥት ጀምሮ ሲጫወቱት ኖረዋል። አንዱ እንዲህ ይላል፦ አንድ አፍ የበሬውን ጅራት ነክሶ ቆረጠው። መልሱ ፊደል ነው። የበሬን ፊደል ጻፍ፣ ወደ ታች የወረደውን ጭረት ቁረጥ፣ ከሥሩ አፍ አድርግ። «መንገር» የሚለው ፊደል ይወጣል። ሰሙ በሬ ነው፣ ወርቁ ፊደል። ቅኔ ለሚያውቅ ሕዝብ ይህን ጨዋታ ማስረዳት አያስፈልግም።

ስለዚህ ጨዋታውን በእኛ ሥርዓት አደረግሁት። ስልኩ «እንቆቅልሽ!» ይላል። ተጫዋቹ «ምን አውቅልሽ» የሚለውን ይነካል። እንቆቅልሹ በአማርኛ ይመጣል፤ ቁርጥራጮቹ ከታች ይደረደራሉ፤ ተጫዋቹ ጎትቶ ይገጣጥማቸዋል። ካቃተውስ? «አገር ስጠኝ!» ይለዋል። የቻይና ካርታ ይከፈታል። ሻንጋይን፣ ቼንግዱን፣ ሺያንን መስጠት ይችላል። ግን የከተማውን ስም ሰምቶ ትክክለኛውን ቃና መምረጥ አለበት። ካልመረጠ አገሩ አይሰጥም፣ መልሱም አይነገረውም። ተማሪዎቼ የቻይናን ከተሞች ያወቁት በመሸነፍ ነው። አያቴ እሳት ዳር ስታጫውተን ጎንደርንና ሐረርን ያወቅሁት በዚሁ መንገድ ነበር።

ስለ አሠራሩ የምትጠይቁኝ ብዙ ስለሆናችሁ በአጭሩ ልናገር። ኮድ የማትችሉ በቴሌግራም ኩዊዝ ጀምሩ። ነፃ ነው፣ ዳታ አይበላም፣ ሁሉም ሰው ስልክ ላይ አለ። ከጥያቄው በፊት ድምፅ ማስቀደም ይቻላል። ለተሳሳተው ሰው ደግሞ እስከ 200 ሆሄ የሚደርስ ማብራሪያ ማስቀመጥ ይቻላል። እባካችሁ ያንን ቦታ ባዶ አትተዉት። ትምህርቱ ያለው እዚያ ነው። ልጆች ላሏችሁ ስክራች የሚባለው የልጆች ኮድ መማሪያ በአማርኛም ይከፈታል። ጃቫስክሪፕት ትንሽ የምትሞክሩ ሃንዚ ራይተር የሚባለውን ነፃ የኮድ ስብስብ ፈልጉ። ፊደሉ ጭረት በጭረት እንዴት እንደሚጻፍ ያሳያል፤ ተጫዋቹ በጣቱ ሲጽፍም ቅደም ተከተሉን ያርመዋል። ገጻችሁን ቀላል አድርጉት። መብራት በሚሄድበት፣ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ሰዓት የሚከፈት ጨዋታ ነው የሚያስፈልገን። የእኔ ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚጫወቱት ስታዲየም ጋ ባቡር ሲጠብቁ ነው።

አማራጭ መልሶች ላይ ግን አደራ እላለሁ። ብዙ ኩዊዝ አያለሁ፤ አንዱ መልስ ትክክል፣ ሦስቱ ዝም ብለው የተወረወሩ። ምንም የማያውቅ ሰው ይመልሰዋል። እያንዳንዱ የተሳሳተ አማራጭ አንድ እውነተኛ ተማሪ በእውነት የተሳሳተው መሆን አለበት። ያኔ ተጫዋቹ የነካው አማራጭ የት ጋ እንደጠፋ ይነግራችኋል። አሁን ደብተሩን ለምን እንደያዝኩ ይገባችኋል።

ዛሬ የምለምናችሁ ሁለት ነገር አለ። ቻይንኛ የምታስተምሩ ሁሉ እንዲህ ያለ ደብተር ያዙ። በየወሩ እንገናኝና ገጾቻችንን እንለዋወጥ። እኔ የፒያሳውን አመጣለሁ። ከሳይት አስተርጓሚዎች የሚመጣው ሌላ ነው፤ ከሆቴልና ከአየር መንገድ የሚመጣውም ሌላ ነው። ሁለተኛው፣ ቻይናዊ የሥራ ባልደረባ ያላችሁ ድምፁን አስቀዱልኝ። ፈቃዱን ጠይቃችሁ፣ አሥር ቃል ብቻ። በተለይ የሴቶችና የሽማግሌዎች ድምፅ ያንሰኛል።

በሩ ላይ ወረቀትና እስኪርብቶ አለ። ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር ጻፉልኝ። ቻይንኛ የማታውቁም ትችላላችሁ።

እንቆቅልሽ!

ፀሐይና ጨረቃ በአንድ ቤት ጎን ለጎን ቆሙ። ምን ሆነ?

ያቃተው አገር ይስጠኝ። ቤይጂንግን ግን አልቀበልም፤ እሷን ባለፈው ሳምንት ተማሪዎቼ ሰጥተውኛል።