ለውሻ የሚጣለው ሳንባ

የተከበራችሁ የሐዋሳ ነዋሪዎች፣ ልኳንዳ ቤት የምትሠሩ ወንድሞቼ፣ የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ?

እኔ የአጥንት ሐኪም ነኝ። ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ውሻና ስለ በግ ሳንባ ነው።

አንድ በግ ጠባቂ ወጣት ነበር። ደረጃ ሲወርድ፣ ሳይወድቅ፣ የጭኑ አጥንት ቀጭ አለ። ከዚያ በፊት ወራት ሙሉ ሲያመው «ብርድ ነው» ይባል ነበር። ከፍተን ስናየው መቅኔው ቦታ ላይ ነጫጭ ፊኛዎች ሞልተዋል። ገሚሱ እንደ ዓሣ እንቁላል፣ ገሚሱ የወይን ፍሬ የሚያህል።

የትል እጭ ነው። ኮሶን ሁላችንም እናውቃለን፤ ከጥሬ ሥጋ ይመጣል። ይኼኛው ዘመዱ ነው፣ ኢኪኖኮከስ ይባላል፤ አመጣጡ ግን ሌላ ነው። ትሉ ውሻ አንጀት ውስጥ ይኖራል፤ ርዝመቱ 7 ሚሊ ሜትር ቢደርስ ነው። እንቁላሉ ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ ሣሩ ላይ፣ ጎመኑ ላይ፣ የውሻው ፀጉር ላይ ይቀራል። በጉ ከሣሩ ጋር ይግጠዋል። እኛ ባልታጠበ እጃችን እንጎርሰዋለን።

አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ነው። አጥንት ላይ የሚያርፈው ከ100 ታማሚ ቢበዛ በ4ቱ ነው፤ ከእነሱም ግማሽ ያህሉ ጀርባቸው ላይ። ጉበት ላይ ሲሆን ሰውነት ዙሪያውን ያጥረዋል። አጥንት ውስጥ ያ አጥር የለም። ቀዳዳ እየፈለገ ለዓመታት ይሰርጋል። የአጥንት ቲቢ መስሎ ሐኪምን ያሳስታል።

ስለዚህ እንደ ካንሰር ነው የምናየው። ከተቻለ ከዙሪያው ጤነኛ አጥንት ጋር ቆርጠን እናወጣለን። ፈሳሹ ከፈሰሰ ሌላ ቦታ ይዘራል፤ ከባድ አለርጂም ሊያስነሳ ይችላል። ጀርባ ላይ ሲሆን ህብለ ሰረሰሩ አጠገብ ስለሆነ ጠርጎ ማውጣት ብዙ ጊዜ አይሆንም።

ከዚያ አልቤንዳዞል አለ። ለልጆች ወስፋት አንድ ፍሬ የምንሰጠው ያው ኪኒን። እዚህ ላይ ግን አዋቂ ሰው 400 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ ይወስዳል፤ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት። ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲሆን ይበልጥ ይሠራል፤ በጾም ዘይት ያለው ወጥ ይበቃል። ጉበትና ደም በየጊዜው ይመረመራል። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ለመጸነስ ያሰበች ለሐኪሟ አስቀድማ ትንገር።

ልጁ ሕመሙ ሲተወው ኪኒኑን ተወ። ከ2 ዓመት በኋላ ፊኛው ተመልሶ መጣ። እባካችሁ፣ ኪኒን የጀመረ ሰው አጠገባችሁ ካለ «ዛሬ ወሰድክ?» በሉት።

በዓል እየመጣ ነው። ግቢ ውስጥ በግ ስታርዱ ሳንባው ወይም ጉበቱ ውሃ ቋጥሮ ካያችሁት፣ ለውሻ አትወርውሩት። ውሻው የሚያዘው ከዚያ ነው። አቃጥሉት፣ ወይ ውሻ ቆፍሮ በማይደርስበት ጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩት።

ልጁ ለሁለተኛ ጊዜ ሲተኛ «ዶክተር፣ ውሻዬን ይገድሉት ይሆን?» አለኝ። የለም፣ አይገደልም። ፕራዚኳንቴል የሚባል ኪኒን አለ፤ እንስሳት ሐኪም ዘንድ ወስዳችሁ በየጊዜው አሰጡት።

አመሰግናለሁ።