እግር ያልተማረውን ጣት አይከፍለውም፦ ከከተማ ዳር ስለ ግድግዳ መውጣት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አመሻችሁ። የዛሬው ክፍል ሱሉልታ፣ ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ብቻ በአዲስ አበባ ዳር ዳር ላላችሁ፣ ክላይምቢንግ፣ ማለትም መያዣና መርገጫ የተገጠመለትን ግድግዳ በእጅና በእግር መውጣት፣ ለጀመራችሁና መሻሻል ለምትፈልጉ ነው።

ግድግዳ መውጣት የጀመረ ሰው ሁለት ሦስት ወር ሲሞላው የሚጠይቀው አንድ ነው፤ «ጣቴን በምን ላጠንክር?» ጥያቄው ጊዜው ገና ነው። በኔ ግምት ጀማሪን ከግድግዳው የሚጥለው ጣቱ አይደለም፤ ዓይኑ እግሩን ጥሎ ወደ ላይ መሮጡ ነው።

እስቲ አንድ ጀማሪ ሲወጣ ጠጋ ብላችሁ እዩት። እግሩን ያነሳል፤ መርገጫው ላይ ሊያርፍ ጥቂት ሲቀረው ዓይኑ ወደሚቀጥለው የእጅ መያዣ ይሄዳል። እግሩ በጭፍን ያርፋል። ጧ ይላል፣ ይንሸራተታል፣ እንደገና ይረግጣል። በዚያች ቅጽበት ክብደቱ በሙሉ ክንዱ ላይ ወድቋል። አራት አምስት ጊዜ እንዲህ ከሆነ ክንዱ ድንጋይ ይሆናል፤ ያኔ «ጣቴ ደካማ ነው» ብሎ ይወርዳል።

መፍትሔው አሰልቺ ነው፤ ግን ይሠራል። ሰውነት ለማሟሟቅ ከምትወጧቸው ቀላል መስመሮች (መስመር የምንለው ከታች እስከ ላይ የሚወጣበትን የመያዣዎች ተርታ ነው) አምስቱን ያለ ምንም የእግር ድምፅ ውጡ። ጫማው መርገጫው ላይ እስኪቀመጥ ድረስ ዓይን ከእግር አይነሳም። የሚረገጠው በመሐል እግር ሳይሆን በአውራ ጣት ጫፍ ነው። በጫፍ የረገጠ ሰው ተረከዙን ማዞር ይችላል፤ ተረከዝ ሲዞር ዳሌ ይዞራል፤ ዳሌ ወደ ግድግዳው ሲጠጋ ክንድ ይዘረጋል። የታጠፈ ክንድ በጡንቻ ነው የሚይዘው፣ የተዘረጋ ክንድ ግን አብዛኛውን ለአጥንትና ለጅማት ይተወዋል። አንዴ ያረፈ እግር ደግሞ አይነሳም፤ ከተነሳ ከታች እንደገና ይጀመራል። በትግራይ፣ በገርዓልታ፣ ገደል ላይ ወዳለው የአቡነ የማታ ጉሕ ቤተ ክርስቲያን የሚወጡትን ቀሳውስት አስቡ። በባዶ እግራቸው ድንጋዩ ላይ ያለውን መርገጫ እየለዩ ነው የሚወጡት። እ.ኤ.አ. በ2021 ቶኪዮ ላይ ስፖርቱ ኦሎምፒክ ከገባ ወዲህ በስልክ የሚደርሰን ቪዲዮ ዝላይ በዝላይ ነው። ዝላዩ ያምራል፤ ግን ቪዲዮውን መልሳችሁ ከመዝለሉ በፊት እግሩን የት እንዳስቀመጠ እዩ።

ስለ ጣትም ሳልናገር አላልፍም። ጅማት ከጡንቻ በጣም ዘግይቶ ነው የሚጠነክረው፤ ጡንቻ በሳምንታት፣ ጅማት በወራት። ስለዚህ በአራተኛው ወር ክንዳችሁ የሚፈልገውን ጣታችሁ ገና አይችለውም። በተለይ ጣቶችን አጥፎ አውራ ጣትን ከላይ መጫን ከሁሉም አያያዝ የበለጠ ጫና ያመጣል። በቀለበት ጣት ሥር ድንገት የመበጠስ ድምፅና ሕመም ከተሰማ የዕለቱ ልምምድ እዚያው ያበቃል፤ በፕላስተር ጠቅልሎ መቀጠል የለም፣ ሐኪም ይየው። እያደጉ ያሉ ልጆች በጣት መንጠልጠያ ሰሌዳ ላይ አይሠልጥኑ። የጣታቸው አጥንት ማደጊያ ገና አልጠነከረም፤ እዚያ ላይ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ዕረፍትም አለ። በከባድ ሙከራዎች መሐል ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ተቀመጡ። በ40 ሰከንድ ተመልሶ የሚወጣ ሰው ስህተቱን እየደጋገመ ይለማመደዋል እንጂ አያርመውም።

አሁን ወደ ግድግዳው። ከዳር ሆኖ በየምሽቱ መሐል ከተማ ወርዶ መመለስ ጉልበቱን መንገድ ላይ ይጨርሰዋል። አራት አምስት ሆናችሁ በአንዳችሁ ግቢ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ አንድ ግድግዳ ብታቆሙ ያዋጣል። ኮምፔንሳቶው ባለ 18 ሚሊ፣ 122 በ244 ሳንቲሜትር ይሁን፤ ከዚህ የሳሳ ይረግባል። ዝንባሌው፣ ማለትም ግድግዳው ከቀጥታ ወደ ፊት የሚያዘነብልበት ዲግሪ፣ ላይ አትጓጉ። 40 ዲግሪ የጠንካራው ሰው ግድግዳ ነው፤ ጀማሪው ሁለት ቅዳሜ ወድቆ ይቀራል። ለተቀላቀለ ቡድን ከ25 እስከ 30 ይበቃል። ለአናጢው 30 ዲግሪን እንዲህ ንገሩት፦ ወደ ላይ 100 ሳንቲሜትር ሲሄድ ወደ ፊት 58 ይወጣል። አንዱ ኮምፔንሳቶ ሲያዘነብል ከፍታው 211 ሳንቲሜትር ይሆናል፤ ከሥሩ፣ ከመውደቂያው ፍራሽ በላይ፣ 30 ሳንቲሜትር ቀጥ ያለ መርገጫ ግድግዳ ብትጨምሩ ከፍራሹ 241።

መያዣ የሚታሰርበት ቀዳዳ በየ20 ሳንቲሜትሩ። ከጎን ጠርዝ 11፣ ከታች 12 ላይ ብትጀምሩ ስድስት በአሥራ ሁለት፣ 72 ቀዳዳ ይወጣል። ኮምፔንሳቶውን ከጀርባ የሚደግፉትን ሞራሌዎች በሁለቱ ጠርዝ፣ በ41ኛውና በ81ኛው ሳንቲሜትር ላይ አቁሟቸው፤ እንዲህ ከሆነ አንድም ቀዳዳ እንጨት ላይ አይወድቅም። ግቢው ውስጥ የባህር ዛፍ አጣና ቢኖርም እርጥቡን ለዋናው አቋም አትጠቀሙ። ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ ብሎኑም ይላላል። ቲ-ነት የሚባለውን ባለ ጥርስ ዳዶ ካገኛችሁ በ12 ሚሊ ቀዳዳ ከጀርባ ይመታል፤ 10 ሚሊ ብሎን ይቀበላል። ካላገኛችሁ መያዣውን ከጠንካራ እንጨት ሠርታችሁ በሁለት ወይም በሦስት የእንጨት ብሎን እሰሩት፤ አንድ ብሎን ብቻ ያለው መያዣ በእጃችሁ ውስጥ ይዞራል። 4 ሳንቲሜትር ውፍረት ላለው መያዣ 6 ሳንቲሜትር ብሎን ጥሩ ነው። የእንጨቱ ጭረት በመያዣው ርዝመት ይሂድ፤ ተቃራኒ ከሆነ ጠርዙ ሰው እንደተንጠለጠለበት ይገነጠላል። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አክብቡት፣ ቫርኒሽ ግን አትቀቡት።

መውደቂያው ከግድግዳው እኩል ገንዘብ ይገባዋል። ለስላሳ የአልጋ ስፖንጅ ብቻውን ሰው ከላይ ሲያርፍበት እስከ ወለሉ ይሰምጣል። ከታች ለስላሳ፣ ከላይ ጠጣር አድርጋችሁ ደርቡ፤ በድምሩ 30 ሳንቲሜትር ያህል። ቁርጭምጭሚት የሚጎዳው በሁለት ፍራሽ መሐል ባለችው ክፍተት ስለሆነ ሁሉንም በአንድ ሸራ ወጥሩት። አወዳደቅም ይለመዳል፦ በሁለት እግር፣ ጉልበት አጠፍ፣ ከዚያ ወደ ኋላ መንከባለል፣ እጅ ደረት ላይ። እጁን ወደ ኋላ የዘረጋ ሰው አንጓውን ወይም ክርኑን ይጎዳል።

ለእጅ የሚሆነው ዱቄት ማግኒዥየም ካርቦኔት ነው። የሰሌዳ ጠመኔ አይተካውም፤ ኖራማ ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ አደጋ ነው።

በኅዳርና በታኅሣሥ ሱሉልታ ውርጭ ነው። ብርዱ መያዣውን ጥሩ ያደርገዋል፣ ጣትን ግን ያደነዝዛል፤ 20 ደቂቃ ሳታሟሙቁ ትንሽ መያዣ አትንኩ። በክረምት ደግሞ ኮምፔንሳቶው እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፤ ጠርዞቹን ቀድማችሁ ቀለም ቀቧቸው።

ይህ ሁሉ ግን ለሰው ነው የሚሠራው። ብቻውን የሚወጣ ሰው እግሩን ማየት አይችልም፤ ስለዚህ አንዱ ሲወጣ ሌላው እግሩን ብቻ ይቁጠርለት። «አሥራ አንድ ጊዜ ረገጥክ፣ አራቱ ድጋሚ ነው» ከማለት ሌላ ምክር አያስፈልግም። ያልተጠየቀ ምክር እንዲያውም ይጎዳል፤ እያንዳንዱ መስመር እንቆቅልሽ ነው፣ መልሱን የነገራችሁት ሰው ማሰቡን ያቆማል። በየሳምንቱ አንዱ በባለ ቀለም ቴፕ አዲስ መስመር ያውጣ፤ ግን ለራሱ ቁመት አይደለም። ቁመቱ 185 የሆነው 160 ለሆነችው ያውጣ፣ እሷም ለሱ። ያኔ ነው አንዱ የሌላውን አካል ማወቅ የሚጀምረው።

ገንዘቡን እንደ ዕቁብ አታስቡት፤ ዕቁብ ዞሮ ለአንድ ሰው ነው የሚደርሰው። እንደ ዕድር በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይዋጣ፤ ስፖንጅ ሲሞት፣ ብሎን ሲዝግ ከዚያው ይወጣል። ከባዱን ቀን ረቡዕና ዓርብ ላይ አታድርጉት፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ወንድም ወይም እህት በባዶ ሆድ ሲታገል ይጎዳል። ማታም ታክሲ ሳይጠፋ፣ ቢበዛ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጨርሱ፤ አለዚያ ራቅ ያሉትና ሴቶቹ ቀስ በቀስ ይቀራሉ።

አዲስ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የብሎን ማጥበቂያውን ቁልፍ ስጡት። ከታች ጀምሮ ሁሉንም መያዣ አንድ በአንድ ይንካ፣ ያጥብቅ፣ የሚዞረውን በቀይ ቴፕ ያስርበት። ግድግዳውን በእጁ አውቆ ሲጨርስ እናንተ ጫማችሁን አስራችሁ ትጠብቁታላችሁ።