ማይልስ ዴቪስ በፕላግድ ኒክል፦ ሁለት የቺካጎ ምሽቶች

ሳባ፦ የጃዝ ትራምፔት ተጫዋቹ ማይልስ ዴቪስ መድረክ ላይ ከተቀረጹት ሥራዎቹ አንዱን ብቻ ምረጪ ብባል የማነሣው ይህን ነው። ቺካጎ፣ ፕላግድ ኒክል ክለብ፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 22 እና 23፣ 1965።

ሄኖክ፦ ሙሉው ግን ስምንት ሲዲ ነው፤ ለጀማሪ አይከብድም?

ሳባ፦ ይከብዳል። ቢሆንም ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነው። «ስቴላ ባይ ስታርላይት»ን በሁለቱም ምሽቶች ተጫውተውታል፤ አስከትለህ ስማቸው። ዜማው አንድ፣ ሰዎቹም እነዚያው፤ የሚሄዱበት መንገድ ግን ፈጽሞ አይገናኝም።

ሄኖክ፦ ይኼ እኮ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ፒያኒስቱ ሄርቢ ሃንኮክ ከዓመታት በኋላ ተናግሮታል። ሐሳቡን ያመጣው ድራመሩ ቶኒ ዊሊያምስ ነው፤ ገና 20 ዓመት የሞላው ልጅ! «ሰው ከኛ የሚጠብቀውን እንተወው» ነው ነገሩ። ሶሎ የሚጫወተው ሰው ወደ ላይ ሲወጣ አብሮ ማጀብ ልማድ ነው አይደል? እነሱ ልክ እዚያ ጋ ዝቅ ይላሉ።

ሳባ፦ ክለቡ ሲደርሱ ደግሞ የሙዚቃ አሳታሚው የኮሎምቢያ ሪከርድስ ሰዎች መቅረጫቸውን ተክለው ጠበቋቸው።

ሄኖክ፦ አዎ! ሌላ ባንድ ቢሆን «ዛሬስ ይቅርብን፣ የለመድነውን እንጫወት» ይል ነበር። እነሱ ገፉበት። ለማይልስም አልነገሩትም።

ሳባ፦ ማይልስ ደግሞ በዚያ ዓመት ዳሌውን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ለወራት ከመድረክ ርቆ ነበር። ትራምፔቱ ላይ ይሰማል፤ አንዳንድ ኖታ ይሰነጠቅበታል፣ አንዳንዱን ጀምሮ ይተወዋል።

ሄኖክ፦ እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔን የያዘኝ ሳክስፎኒስቱ ዌይን ሾርተር ነው። ሥሩ የሚተማመንበት መሬት ሲነሣበት እሱ የባሰ ይደፍራል።

ሳባ፦ ዌይንን አልነካብህም። ማይልስ ግን መሪው ነው፤ «ተዉ፣ ወደ ዜማው ተመለሱ» ማለት ይችል ነበር። አላለም። ባልጠነከረ ከንፈሩ እየተከተላቸው አብሮ ገባበት። «ሶ ዋት»ን ስማው፤ በ1959 በእርጋታ የተጫወተውን ያንን ሙዚቃ እዚህ ሲያስሮጡት ሮን ካርተር ቤዙን እንዴት እንደያዘው ይገርመኛል።

ሄኖክ፦ ድምፁስ? ሰዎች ያወራሉ፣ የገንዘብ መቀበያው ማሽን ሳይቀር ይሰማል።

ሳባ፦ ያ ለኔ አይረብሽም። እነዚያ ሰዎች መጠጣቸውን ይዘው የተቀመጡት እንዲህ ያለ ነገር ፊት ነበር፤ ሌላው ዓለም ሲሰማው ስንት ዓመት አለፈ! መጀመሪያ ጃፓን ውስጥ በ1976፣ አሜሪካ በ1982 ከፊሉ ወጣ፤ ስምንቱን ሲዲ የያዘው ሙሉው ሳጥን አሜሪካ ውስጥ የታተመው በ1995 ነው።

ሄኖክ፦ እንግዲህ ከየት ይጀምሩ?

ሳባ፦ ከሁለተኛው ምሽት «ስቴላ»። ድራሙ ሲጠፋ ድምፁን እንዳትጨምሩ፤ ቶኒ አውቆ ነው ዝም ያለው።