የጋራ ሥራ ክፍያ በብሎክቼን፦ መመዘን እና ማድረስ

ክቡራትና ክቡራን፣

አብዛኞቻችሁ ከሌሎች ጋር ሆናችሁ ሶፍትዌር የምትሠሩ፣ ሰነድ የምትተረጉሙ ወይም ዲዛይን የምታወጡ ናችሁ። ገንዘብ ሲገባ «ለማን ስንት ይድረስ?» የሚለው ጥያቄ አይቀርም። ክፍያውን በብሎክቼን፣ ማለትም ብዙ ኮምፒውተሮች በጋራ በሚይዙት የግብይት መዝገብ፣ ለማድረግ ስንነሳ ደግሞ ሁለት ጉዳዮች ይደባለቁብናል፦ እያንዳንዱ ሰው ምን ያህል አበረከተ የሚለውና የተወሰነለት ድርሻ ሳይጎድል እጁ ይግባ የሚለው። ብሎክቼን የሚፈታው ሁለተኛውን ብቻ ነው። የተዛባ ምዘና ስማርት ኮንትራት (ብሎክቼን ላይ ተቀምጦ በራሱ የሚፈጸም ፕሮግራም) ውስጥ ከገባ መዛባቱ ሳይዛነፍ ይፈጸማል፤ የወጣውንም ገንዘብ መልሶ የሚያስገባ አካል የለም።

ሥራ ራሱን የሚያስመሰክርበት መስክ አለ፤ እሱም የቢትኮይን ማይኒንግ ነው፤ ይህም ኮምፒውተሮች የሂሳብ እንቆቅልሽ እየፈቱ መዝገቡ ላይ አዲስ ብሎክ (የግብይቶች ጥቅል) የሚጨምሩበትና ሽልማት የሚያገኙበት ሥራ ነው። በፈረንጆቹ 2010 ሥራ ከጀመረው ከመጀመሪያው ፑል (የኮምፒውተር ኃይላቸውን አጣምረው ሽልማቱን የሚካፈሉ ሰዎች ቡድን) አንስቶ አባላት የሚልኩት «ሼር»፣ ማለትም የሠሩትን የሚያሳይ ማስረጃ፣ በሂሳብ ይረጋገጣል፤ የማንም ምስክርነት አያስፈልገውም። እዚያም ቢሆን ዙሩ (ፑሉ አንድ ብሎክ ካገኘ በኋላ ቀጣዩን እስኪያገኝ ያለው ጊዜ) ሲጀመር ገብተው ሲረዝም ወደ ሌላ ፑል የሚዘሉ ሰዎች ስላስቸገሩ፣ ብዙ ፑሎች ብሎኩ ከመገኘቱ በፊት የገቡትን የመጨረሻዎቹን የተወሰኑ ሼሮች ብቻ ቆጥረው ወደ መክፈል ዞረዋል።

ኮድና ትርጉም ግን እንዲህ አይመዘንም። የኮድ መስመር ብትቆጥሩ መስመሩ ይበዛል፣ ሥራው ግን አይጨምርም። የምንመክረው እያንዳንዱ አባል 100 ነጥብ ተሰጥቶት ለራሱ ሳያስቀር ለባልደረቦቹ እንዲያከፋፍል ነው። ሁለት ሰዎች ተነጋግረው ነጥባቸውን ሊለዋወጡ ይችላሉ፤ ስለዚህ ማን ለማን ስንት እንደሰጠ ለቡድኑ ይታይ፣ ውጤቱም ሰንሰለቱ (ብሎክቼኑ) ላይ ከመውጣቱ በፊት የ7 ቀን የአቤቱታ ጊዜ ይኑረው። እነዚህ 7 ቀናት ከየትኛውም ኮድ በላይ ጠብ ያስቀራሉ ብለን እናምናለን።

አሁን ወደ ማድረሱ እንምጣ። ጀማሪ በመጀመሪያ የሚጽፈው ኮንትራት የአባላቱን አድራሻ (እንደ ሂሳብ ቁጥር ያለ የብሎክቼን መለያ) ዝርዝር ከላይ እስከ ታች እየሄደ ለእያንዳንዱ የሚልክ ነው። እባካችሁ ይህን አትጻፉ። ከአድራሻዎቹ አንዱ ገንዘብ የማይቀበል ኮንትራት ከሆነና ኮዱ የከሸፈውን ዘሎ እንዲያልፍ ካልተደረገ ግብይቱ በሙሉ ይሰረዛል፤ በአንድ አድራሻ ምክንያት ሌሎቹ ሁሉ ሳይከፈላቸው ይቀራሉ። ዝርዝሩ ሲረዝም ደግሞ የሚፈጀው ጋዝ (ኮንትራቶች በሚሠሩበት በኢቴሪየም ብሎክቼን ለእያንዳንዱ የኮምፒውተር ሥራ የሚከፈልበት መለኪያ) አንድ ብሎክ ከሚችለው ጣሪያ ያልፋል። በ2016 «ጎቨርንሜንታል» በተባለ የኢቴሪየም ጨዋታ የሆነው ይኸው ነው። 1,100 ኢተር (የኢቴሪየም ገንዘብ) ያህል ሽልማት ለመክፈል ኮንትራቱ ያከማቻቸውን ዝርዝሮች ማጽዳት ነበረበት፤ ለዚያ ከ5 ሚሊዮን በላይ ጋዝ ሲያስፈልግ የብሎኩ ጣሪያ ግን 4.7 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ገንዘቡ ተቀረቀረ።

ስለዚህ ኮንትራቱ ገንዘቡን አይላክ፣ ባለድርሻው ራሱ ይውሰድ። ሲወስድም ኮንትራቱ አስቀድሞ የሰውየውን ቀሪ ሂሳብ ዜሮ ያድርግ፣ ከዚያ ይላክ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠና ተቀባዩ ራሱ ኮንትራት ከሆነ፣ ገንዘቡ እየደረሰው ሳለ ኮንትራቱን መልሶ ይጠራና ሂሳቡ ሳይቀነስበት ደጋግሞ ያወጣል። በ2016 ጁን ወር «ዘ ዳኦ» ከተባለው በስማርት ኮንትራት የሚተዳደር የጋራ ኢንቨስትመንት ፈንድ 3.6 ሚሊዮን ኢተር ገደማ የወጣው በዚህ ቀዳዳ ነው።

ተቀባዮቹ በመቶና በሺህ ሲቆጠሩ የእያንዳንዱን ድርሻ ኮንትራቱ ላይ መጻፍ ውድ ነው፤ በኢቴሪየም አንድ አዲስ ቁጥር ማስቀመጥ ብቻ ከ20,000 ጋዝ በላይ ይፈጃል። መፍትሔው መርክል ትሪ ነው። ከሰንሰለቱ ውጭ ተራ ቁጥር፣ አድራሻና መጠን የያዘ ዝርዝር ታዘጋጃላችሁ፤ እያንዳንዱን መስመር ሀሽ ታደርጋላችሁ (በቋሚ ቀመር እንደ ጣት አሻራ ወዳለ አጭር ኮድ ትቀይራላችሁ)፤ ሀሾቹን ጥንድ ጥንድ እያደረጋችሁ አንድ ባለ 32 ባይት ሀሽ እስኪቀር ታጣምራላችሁ። ኮንትራቱ ላይ የሚገባው ያ አንድ ሀሽ ብቻ ነው። ባለድርሻው ሊወስድ ሲመጣ መስመሩን ከማስረጃው (ከመስመሩ ተነስቶ እዚያ አንድ ሀሽ ላይ ለመድረስ ከሚያስፈልጉት ሀሾች) ጋር ያቀርባል፤ ለ1,000 ሰው ማስረጃው 10 ሀሽ፣ ለ1 ሚሊዮን ሰው 20 ሀሽ ነው። ዩኒስዋፕ የተባለው የክሪፕቶ መገበያያ በ2020 ለቀድሞ ተጠቃሚዎቹ ለእያንዳንዱ አድራሻ 400 ዩኒ (የራሱን ቶክን) ያደለው በዚህ መንገድ ነው።

እዚህ ላይ የሚበላሹ ነገሮች አሉ። ሙሉ ዝርዝሩን በይፋ ካላወጣችሁ ማንም ማስረጃውን መሥራት አይችልም፤ ዝርዝሩ ከጠፋ ገንዘቡም ከኮንትራቱ አይወጣም። የተወሰደ ተራ ቁጥር ካልተመዘገበ አንዱ ሰው ሁለቴ ይወስዳል። የመጠኖቹ ድምር ኮንትራቱ ካለው ገንዘብ ከበለጠ ደግሞ መጨረሻ የመጡት ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። በየወሩ የምትከፍሉ ከሆነ ዝርዝሩ ላይ የወሩን ሳይሆን ከመጀመሪያው ጀምሮ የተጠራቀመውን ድምር ጻፉ፣ ኮንትራቱም እስካሁን የከፈለውን ይቀንስ። ሦስት ወር ያልመጣ ሰው አንድ ጊዜ ጋዝ ከፍሎ ሁሉንም ይወስዳል።

ስሌቱም ጥንቃቄ ይሻል። ሶሊዲቲ (የኢቴሪየም ኮንትራት የሚጻፍበት ቋንቋ) ላይ ማካፈል ክፍልፋዩን ይጥላል። ድርሻው ከ10,000 እጅ 2,500 የሆነ ሰው ከ1,000 አሃድ 250 ይገባዋል። መጀመሪያ 2,500ን ለ10,000 ካካፈላችሁ ግን ዜሮ ይመጣል፣ በዜሮ ብታባዙም ዜሮ ነው። ሁልጊዜ አባዝታችሁ አካፍሉ። 1,000 ለሦስት ሲካፈል የምትተርፈውን 1 ወደሚቀጥለው ዙር አሻግሯት። ኢተር 18፣ ዩኤስዲሲ (ዋጋው ከዶላር ጋር የተቆራኘ ዲጂታል ገንዘብ) 6 የአስርዮሽ ቦታ እንዳላቸው አትርሱ፤ አንዱን በሌላው ልክ ማስላት በትሪሊዮን እጥፍ ያሳስታል።

ቀሪው የቁልፍ፣ ማለትም ትእዛዝ የሚፈረምበት ምስጢራዊ ኮድ፣ ጉዳይ ነው። ዝርዝሩን የሚያድሰው ቁልፍ በአንድ ሰው እጅ አይሁን፤ ከአምስት ሰዎች ሦስቱ ሲፈርሙ ብቻ የሚሠራ ዋሌት (ዲጂታል ቦርሳ) ይያዘው። የዋሌቱን ቁልፍ የጣለ አባል አድራሻውን እንዴት እንደሚያስቀይር፣ በስንት ጊዜ ውስጥ ያልተወሰደ ድርሻ ወዴት እንደሚመለስም የመጀመሪያው ገንዘብ ከመግባቱ በፊት ተጽፎ ለሁሉም ይታወቅ። ለአባላቱም አስቀድማችሁ ንገሯቸው፦ አድራሻቸው የማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የተከፈላቸውን እያንዳንዱን ክፍያ ያያል፣ ከዓመታት በኋላም ቢሆን። ይህን የማይፈልግ አባል ለዚህ ሥራ ብቻ የሚጠቀምበት ሌላ አድራሻ ይክፈት።