ማከም የሚያውቅ ሁሉ ማስተማር ያውቃል ወይ? በፊዚዮቴራፒስቶች ማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

ክቡራን እንግዶች፣ የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ውድ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች፤

እንኳን ወደ ደብረ ብርሃን በሰላም መጣችሁ። የኅዳርን ውርጭ ሳትፈሩ ከመሐል ሜዳና ከዓለም ከተማ፣ ከሸዋ ሮቢትና ከአረርቲ ሌሊት ተነሥታችሁ ለመጣችሁ ሁሉ ምስጋናዬ የላቀ ነው። አዳራሹን ለፈቀዱልንና ሻይ ቡናውን ለሸፈኑልን ወገኖችም ማኅበሩ ያመሰግናል። በመንገዱ ሁኔታ ምክንያት መምጣት ያልቻሉ አባላት ደውለው ይቅርታ ጠይቀዋል፤ እኛም ተረድተናቸዋል። መንገድ ሳይዘጋባቸው ስለቀሩት ግን በኋላ የምለው አለኝ።

የዓመቱ የሥራ ክንውን ሪፖርት በእጃችሁ ስላለ በዝርዝሩ አልዘገይም። የዓለም የፊዚዮቴራፒ ቀን በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 3፣ በቅዱስ ሩፋኤል ዕለት ይውላልና፣ ዘንድሮም በዕለቱ ለጀርባና ለጉልበት ሕመምተኞች ነፃ ምርመራ አድርገናል። ስትሮክ ያገኘውን ሰው ቤት ውስጥ ለሚያስታምሙ ቤተሰቦች በራሪ ጽሑፍ አሳትመናል። የአባላት መዝገብም ታድሷል። ፊዚዮቴራፒስትን ከወጌሻና ከማሳጅ ሠራተኛ ለይቶ የሚያውቀው ሕዝብ ከዓመት ዓመት መብዛቱ የእናንተ የልፋት ፍሬ ስለሆነ ልትኮሩበት ይገባል።

ዓመቱን ሙሉ ሥራ አስፈጻሚውን እንቅልፍ የነሣው ጉዳይ ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ባለፈው ጉባኤ በሙሉ ድምፅ አጽድቀን የጀመርነው የመምህርነት ሬዚደንሲ፣ ማለትም አንድ ወጣት ፊዚዮቴራፒስት ለአንድ ዓመት በአንድ ሲኒየር (ነባር ባለሙያ) አማካሪነት ሥር ሆኖ ማስተማርን እየሠራ የሚማርበት ፕሮግራም፣ ዛሬ በሁለት እግሩ መቆም አቅቶታል።

በሀገራችን የጤና ሳይንስ መምህር እንዴት እንደሚገኝ ሁላችንም እናውቃለን። ከፍተኛ ውጤት ያመጣው ተመራቂ በግራጁዌት አሲስታንትነት ይቀጠርና፣ ሰኔ ላይ በካፌ ሰልፍ አብረውት የነበሩትን ተማሪዎች ጥቅምት ላይ ጋውን ለብሶ ያስተምራል። ወይም በሆስፒታል ለዓመታት ሲያክም የኖረ ብርቱ ባለሙያ ማስተርሱን እንደያዘ ሌክቸረር ይሆናል፤ ያን ጊዜ ማከም የሚችል ሰው ማስተማር አያቅተውም ተብሎ ሦስት አራት ኮርስ ይሸከማል። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ለመምህራን የሚሰጡት ኤችዲፒ (ሃየር ዲፕሎማ ፕሮግራም) መኖሩ ጥሩ ነው፤ ትምህርት ማቀድን፣ ተማሪን ማሳተፍንና ምዘናን ያስተምራል። ሆኖም የሒሳብ መምህሩም የግብርና መምህሩም አብረው የሚወስዱት ሥልጠና በመሆኑ፣ ታካሚ ተኝቶ ተማሪዎች አልጋውን ከበው በቆሙበት ሰዓት መምህሩ እጁን የት ማድረግ እንዳለበትና መቼ ዝም ማለት እንዳለበት ሊያሳይ አይችልም።

የምለውን ግልጽ ለማድረግ አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከሬዚደንቶቻችን አንዷ በስትሮክ ግራ ጎናቸው የደከመባቸውን አንድ አባት ከአልጋ ወደ ወንበር ማሻገርን ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ታሳይ ነበር። ራሷ ስትሠራው እንከን አይወጣለትም፤ እግራቸውን በደንብ መሬት አስረገጠች፣ የደከመውን ጉልበት በጉልበቷ ደግፋ ያዘች፣ «አባባ፣ ወደ ፊት ጎንበስ ይበሉልኝ» ብላ ክብደታቸውን ወደ እግራቸው አምጥታ አስነሣቻቸው። ችግሩ የመጣው ተራው የተማሪው ሲሆን ነው። ተማሪው የደከመውን ክንድ ይዞ ሊስብ ሲል ፈጥና ገለል አደረገችውና ሥራውን ራሷ ጨረሰችው። ታካሚው አልተጎዱም፤ ተማሪው ግን ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ ወጣ።

ሲኒየሯ በታካሚውና በተማሪዎቹ ፊት አንዲት ቃል አልተናገረችም። ኮሪደር ላይ ለብቻዋ ወስዳ የነገረቻት ይህን ነው፦ «እጁን አስቁሚው፤ ይህ ትከሻ ቢሳብ ምን ይሆናል ብለሽ ጠይቂው፤ ከዚያ መልሱን ጠብቂ።» ከስትሮክ በኋላ ትከሻን አቅፈው የሚይዙት ጡንቻዎች ስለሚደክሙ ክንዱ ሲሳብ መገጣጠሚያው ሊላላና ለወራት የሚዘልቅ ሕመም ሊከተል እንደሚችል ተማሪው በክፍል ተምሯል፤ ያልተማረው ያንን ዕውቀት በዚያች ቅጽበት መጠቀምን ነው። መምህራን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ በአብዛኛው አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁ፣ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲታገሡ ግን የተማሪዎች መልስ እንደሚረዝምና እንደሚበስል ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት በአሜሪካ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ይህች ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ጠበቀች፤ ተማሪውም ራሱ እጁን ከክንዱ አንሥቶ ወደ ወገባቸው አወረደ። በዚህ ዓመት ካየሁት ሁሉ ደስ ያለኝ ይህ ነው።

ይህ ዓይነቱ ትምህርት በአዳራሽ ሥልጠናና በሰርተፊኬት አይገኝም። ወይፈን እርሻ የሚለምደው ከነባር በሬ ጋር ተጠምዶ መሆኑን ለመንዝና ለሞላሌ ልጆች እኔ አላስረዳም። አሜሪካኖቹም ቢሆኑ ለክሊኒክ ሬዚደንሲ ቢያንስ 1,800 ሰዓት ሲጠይቁ፣ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 150ው ሬዚደንቱ ከአማካሪው ጋር የሚያሳልፈው ሰዓት እንዲሆን ደንግገዋል። መምህራንን ለማፍራት የተቋቋሙት ሬዚደንሲዎቻቸውም የተመሠረቱት በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። እኛ የጠየቅነው ከ1,800ው ሰዓት እጅግ ያነሰ ነው፦ በሳምንት ግማሽ ቀን።

ታዲያ ምን ተፈጠረ? ሲጀመር አዳራሹ በጭብጨባ ደመቀ፣ ሲኒየሮችም ተሽቀዳድመው ፈረሙ። ከገና በኋላ ግን አንዱ ስብሰባ አለብኝ፣ ሌላው ጥናት እየጻፍኩ ነው እያለ ቀረ፤ ቅዳሜና እሑድን አዲስ አበባ የግል ክሊኒክ እየሠሩ ሰኞ ደክሟቸው የሚመለሱም አሉ። በደመወዝ ብቻ ቤተሰብ ማስተዳደር ምን ያህል እንደሚከብድ ስለማውቅ በዚህ ማንንም አልወቅስም። የምወቅሰው ፈርሞ መቅረትን፣ ቀርቶም አለመናገርን ነው። አማካሪያቸው የጠፋባቸው ሬዚደንቶች የኦስኪ (ተማሪዎች ከጣቢያ ጣቢያ እየተዘዋወሩ በተግባር የሚመዘኑበት) ፈተና ጣቢያ ማዘጋጀትንም ሆነ ለወደቀ ተማሪ ግብረ መልስ መስጠትን ለብቻቸው ሞክረዋል፤ አንዱ ጭራሹን ትቶ ወደ ቀድሞ ሥራው ተመልሷል። አንድ የጤና ተቋም ደግሞ ለሬዚደንቱ ግማሽ ቀን በደብዳቤ ከፈቀደ በኋላ ያንኑ ሰዓት መልሶ የተመላላሽ ታካሚ ተራ መድቦበታል። በዚህ ጉዳይ ንግግራችን ስላላለቀ ስሙን አልጠራም።

ከአባላት የተነሡትን ሁለት ተቃውሞዎችም ሳልመልስ ማለፍ አልፈልግም። የመጀመሪያው «ማስተርስ ያለው ሰው ምን ሬዚደንሲ ያስፈልገዋል?» የሚል ነው። ማስተርስ ስለ ትከሻ ያለንን ዕውቀት ያሰፋል፤ ትከሻን ስለ ማስተማር ግን የሚነግረን ጥቂት ነው። ሁለተኛው የአበል ጥያቄ ነው። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ለአማካሪዎች ቢያንስ የትራንስፖርት ወጪ ለመክፈል በዕቅድ ይዘን ነበር። ይሁን እንጂ አበል የለም ብለው አጥብቀው የጠየቁን አባላት የራሳቸውን ዓመታዊ መዋጮ አልከፈሉም። ገንዘብ ያዣችን ሪፖርቷን ስታቀርብ ታዩታላችሁና እኔ አልቀድማትም።

አሁን ዛሬ እዚህ ስላልተገኙት ልናገር። ከእነርሱ መካከል መጀመሪያ ጎኒዮሜትር ያስያዙኝ፣ የጉልበቱን መታጠፍ ስለካ የመሣሪያውን እምብርት ከጉልበቱ ውጫዊ ጎን ላይ አንሸራትቼ ሳስቀምጥ እጄን ይዘው ደጋግመው ያስተካከሉኝ መምህሬ ይገኙበታል። ጋሼ፣ ይህ ንግግር እጅዎ እንደሚደርስ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ለእኔ አበል አልጠየቁብኝም፣ በሥራ ዝርዝርዎ ውስጥም አልነበርኩም። አሁን አንዲት ሬዚደንት ስምዎን በቅጹ ላይ ጽፋ እየጠበቀች ነው፤ ከቤትዎ እስከ ካምፓሱ ያለው መንገድ በባጃጅ የሚያልቅ ነው። ሐሳብዎን ከቀየሩ ቀየርኩ ይበሏትና ሌላ ሰው ትፈልግ። የዕድሜ እኩዮቼ የሆናችሁት ደግሞ፣ በየሰርጉና በየለቅሶው ስንገናኝ «ፕሮግራሙ እንዴት ነው?» እያላችሁ መጠየቃችሁን ትታችሁ አንድ ሰኞ ብቅ ብትሉ ይሻላል።

ሥራ አስፈጻሚው ለዛሬው ጉባኤ ሦስት ነገሮችን ይዞ ቀርቧል። የፈረመ ሲኒየር ያለ በቂ ምክንያት በተከታታይ ሁለት ጊዜ ከቀረ ሬዚደንቱ ወዲያውኑ ለሌላ አማካሪ እንዲሰጥ፤ የአማካሪነቱ ሰዓት በሥራ ጫና ስሌት ውስጥ እንዲያዝ ከዩኒቨርሲቲውና ከሆስፒታሎች ጋር የሚነጋገር ኮሚቴ ዛሬውኑ እንዲመረጥ፤ ከመዋጮው የተወሰነው እጅ ለዚህ ፕሮግራም ብቻ እንዲውል። በሁለተኛው ላይ ክርክር እንደሚነሣ እገምታለሁ፤ እንዲነሣም እፈልጋለሁ፤ ያለፈው ዓመት ሙሉ ድምፅ የት እንዳደረሰን አይተናል። የሚቃወም ካለ እዚሁ ይቃወም፣ የሚደግፍም ሰዓቱንና ቀኑን ጭምር ጽፎ ይፈርም።

ቅጹ ከሻይ ዕረፍቱ በፊት በየረድፉ ይዞራል። ለቀሩት አባላት የሚደርሰውን ቅጽ ከየወረዳው የመጣችሁ ተወካዮች ከጸሐፊያችን ተቀብላችሁ ትሄዳላችሁ፤ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻም ተፈርሞም ሆነ ሳይፈረም ይመለስልን። በዚሁ የዘንድሮው ዓመታዊ ጉባኤያችን መከፈቱን እያበሰርኩ፣ ገንዘብ ያዣችንን ወደ መድረኩ እጋብዛለሁ።