የዮርክሻየሩ ስም እና አፍሪካዊው አያት

እንደምን አመሻችሁ፣ ወገኖቼ! ዛሬ የማወራችሁ እዚሁ ሰሜን እንግሊዝ፣ ዮርክሻየር ስላለ አንድ ብርቅ የቤተሰብ ስም ነው። ስሙን ግን አልጠራውም። ባለቤቶቹ ጥቂት ስለሆኑ መጥራቱ ሰዎቹን በጣት እንደመጠቆም ነው።

እኛ ሰባት ቤት ስንቆጥር ስሙ በየትውልዱ ይለወጣል። እንግሊዞች ጋ ከ700 ዓመት ገደማ ወዲህ ያው አንዱ ስም ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። ዋይ ክሮሞዞም የሚባለው የወንዶች የዘር መረጃ (ዲኤንኤ) ክፍልም ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ሁለቱ አብረው ይጓዛሉ። ስሚዝን ብትመረምሩ ብዙ አይነግራችሁም፤ ትርጉሙ አንጥረኛ ነውና፣ አንጥረኛ የሌለበት መንደር ስላልነበረ ምንጩ ብዙ ነው። ብርቅ ስም ያላቸው ግን የአንድ ሰው ዘር የመሆን ዕድላቸው ሰፊ ነው።

የሌስተር ዩኒቨርሲቲዎቹ ቱሪ ኪንግና ማርክ ጆብሊንግ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት ጥናት የሚጀምረው ከአንድ ነጭ እንግሊዛዊ ነው። ሰውየው ላይ ኤ1 የሚባል የዋይ ዓይነት ተገኘ። ይህ ዓይነት እስከዚያ ድረስ የታየው በምዕራብ አፍሪካውያንና በአፍሪካ አሜሪካውያን ላይ ብቻ ነበር። ቤተሰቡ ደግሞ ስለ አፍሪካዊ አያት ሰምቶ አያውቅም። ጉድ በሉ!

ከዚያ የስሙን ባለቤቶች ማፈላለግ ተጀመረ። 18 ወንዶች ተመረመሩ፤ 7ቱ ላይ ያው ኤ1 ወጣ። እነዚህ 7 ሰዎች በሁለት የዘር ሐረግ ይመደባሉ። ሁለቱም ሐረጎች ወደ ኋላ ሲቆጠሩ በ1780ዎቹ ዮርክሻየር ውስጥ ከተወለዱ ሰዎች ይደርሳሉ። ከዚያ ወዲያ መዝገቡ አላገናኛቸውም። ዲኤንኤው ግን አንድ አያት እንዳላቸው መሰከረ።

የቀሩት 11ስ? ጉዲፈቻ አለ፤ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ አለ፤ ስሙ ከአንድ በላይ ምንጭ ኖሮትም ይሆናል። በዚህ ሁሉ ዘመን አንዲት ሚስት ዝም ካለች ሐረጉ ይቆረጣል፤ ባልየው ሳያውቅ!

መልካቸው ለምን አልተለየም ለምትሉ፣ ሒሳቡ ቀላል ነው። ስምንት ትውልድ ወደ ላይ ስትወጡ 256 ቅድመ አያቶች አሏችሁ። አፍሪካዊው ከነዚያ አንዱ ብቻ ነው።

ታዲያ ሰውየው እንዴት መጣ? ሁለት ግምት አለ። በሦስተኛው ክፍለ ዘመን፣ ከዮርክሻየር ሰሜን፣ ሮማውያን በገነቡት በሃድሪያን ግንብ ላይ የሰሜን አፍሪካ ሙሮች ለሮም ወታደር ሆነው ሰፍረው ነበር። ሁለተኛው የባሪያ ንግድ ዘመን ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ብሪታንያ ውስጥ ወደ 10 ሺህ ጥቁሮች እንደነበሩ ይገመታል። ብዙዎቹ የሰው ቤት አገልጋዮች ነበሩ፤ ሲጠመቁ የጌታቸውን ስም የወሰዱም አሉ።

እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። በሮም ዘመን የመጣ ቢሆን፣ የቤተሰብ ስም ሲጀመር ዘሩ በብዙ ቤት ተበትኖ ስለሚቆይ ምልክቱ በሌሎች ስሞችም ላይ ይታይ ነበር። ከእኔ የተለየ ሐሳብ ያለው ካለ መድረኩ ክፍት ነው።